ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ፏፏቴ በባቡር፦ መቼ መሄድ፣ በየትኛው ጎን መቀመጥ፣ የት መውረድ

ከድሬዳዋ በባቡር ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ተራራም ፏፏቴም አያለሁ ብሎ ይሳፈራል። ተራራውን ባቡሩ ያሳየዋል፤ ፏፏቴውን ግን አያሳየውም። የአዋሽ ፏፏቴ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ጠርዝ፣ ገደል ውስጥ ተወሽቆ ስላለ በመስኮት አንገት ቢያሰግጉ አይገኝም። ትኬቱን እስከ አዲስ አበባ ቆርጦ አዋሽን በእንቅልፍ ወይም በጨለማ ያለፈ ሰው ‹‹ያየሁት ግራርና አቧራ ነው›› ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ጉዞውን ገና ስታቅዱት ለሁለት ክፈሉት። እስከ አዋሽ ያለው የመስኮት ጉዞ ነው፤ አዋሽ ላይ ያለው ደግሞ የመኪናና የእግር። ከሐረርና ከሐረማያ ለምትነሡም ያው ነው፣ የምትጨምሩት እስከ ድሬ ያለውን መንገድ ብቻ ነው።

መስመሩ ለምን በተራራው ግርጌ ሆነ

ይህን ማወቅ መቀመጫ ለመምረጥ ይጠቅማል። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሰጡ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። አልገባም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ያለው መያዣ አነስተኛ ስለሆነ ዳገቱ ሲበረታ ጎማው ይንሸራተታል፣ ያ እንዳይሆን ደግሞ መስመሩ ብዙ ጊዜ መጠማዘዝ ወይም ተራራውን መብሳት አለበት። በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የወጣ ሰው አቀበቱን ያውቀዋል። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ተራራው ሥር ሲደርስ ድሬዳዋ እዚያው ተቆረቆረች፤ ከዚያም ቆላውን ይዞ በ1917 አዲስ አበባ ገባ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና በ2018 መጀመሪያ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአመዛኙ ያንኑ ቆላ ይከተላል። ልዩነቱ ሐዲዱ ላይ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር በጠባብ መታጠፊያ ይዞር ነበር። የአሁኑ 1.435 ሜትር ነው፣ መታጠፊያዎቹም ሰፋፊ ናቸው። በመታጠፊያ ላይ የራሱን ባቡር ከፊት ሲጠመዘዝ አይቶ ፎቶ ለማንሳት የሚመኝ ሰው እዚህ መስመር ላይ ብዙ ዕድል አያገኝም፤ ተስፋችሁን በተራራው ላይ ጣሉ።

ከዚህ የሚወጣው ነጥብ አንድ ነው። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ድረስ ደጋው ሁልጊዜ ከሐዲዱ በስተደቡብ ነው፤ በስተሰሜን ያለው ሜዳ ነው። ባቡሩ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለው አዋሽ ይወርዳል፣ ተራሮቹ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። የምታዩት ከሥር ወደ ላይ ነው ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ጎን ብቻ።

ወሩን መምረጥ

አንድ ወር ብቻ ምረጡ ከተባለ መስከረም ነው። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ወንዙም ገና አልጎደለም። ጥቅምት መጀመሪያም ያስኬዳል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ለሰውነት ይመቻል፣ ለዐይን ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው ውሃው ማነሱ ነው። አዋሽ ፈጽሞ አይደርቅም፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋም ይለቃል፤ ይሁንና ከግድቡ በታች ያሉት የስኳርና የፍራፍሬ እርሻዎች ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ፏፏቴው ወደ ጥቂት ነጫጭ ክሮች ይከፋፈላል። ሁለተኛው ጉድለት ብርሃኑ ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ከሐዲዱ የሚታየው የተራራው ፊት ጥላ ይወድቅበታል። እኩለ ቀን ላይ የምታዩት ቅርጹ ያልለየ ጥቁር ግድግዳ ነው፤ ፀሐይዋም በዚያው መስኮት ትገባባችኋለች። በበጋ የምትሄዱ ከሆነ ተራራው መልክ የሚኖረው ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ እያንዳንዱ ሸንተረርና ሸለቆ ለየብቻው ይወጣል።

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነገሩ ይገለበጣል። በእኛ ኬክሮስ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ የተራራው ፊት በቀጥታ ይበራል፣ በደቡብ መስኮት የተቀመጠም ከፀሐይ ይድናል። ለፏፏቴው ጉልበት ሐምሌና ነሐሴን የሚያህል የለም። ዋጋው ግን አለው፦ ውሃው እንደ ጭቃ ቡናማ ነው፣ የፓርኩ ውስጥ መንገድ ጥቁር አፈሩ ሲርስ መኪና ይውጣል፣ ባቡሩም በጎርፍ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን የሚያስታውስ የድሬ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፣ ጎርፉ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ያለበት ቆላ ላይ። ሐዲዱ ደግሞ እነዚያን ደረቅ ወንዞች አንድ በአንድ ያቋርጣል።

ሁለት ቀን ደግሞ ከቀን መቁጠሪያችሁ ሰርዙ፦ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። ቁልቢ ገብርኤልን ለማንገሥ ካልሆነ በቀር በእነዚህ ቀናት ዙሪያ ትኬት፣ አልጋም ሆነ መኪና በቀላሉ አይገኝም።

ትኬትና ሰዓት

ባቡሩ እንደ ሚኒባስ ሞልቶ የሚወጣ አይደለም። የጉዞ ቀኖቹና ሰዓቱ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ከቆረጣችሁት ቀን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ፕሮግራሙን ጠይቁ፣ ትኬቱንም ቢያንስ በዋዜማው ያዙ። መታወቂያ ሳትይዙ አትሂዱ፤ ትኬቱ በስም ነው፣ ስትሳፈሩም ይታያል። ትኬት መሸጫው መስኮት ጋ ስትደርሱ አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ‹‹አዋሽ ላይ ይቆማል?›› ሁሉም ባቡር ሁሉም ጣቢያ ላይ አይቆምም፣ ጉዞው የሚፈርሰውም በብዛት እዚህ ላይ ነው። የሚቆም ከሆነ ትኬቱን እስከ አዋሽ ብቻ ቁረጡ። የማይቆም ከሆነ እስከ አዳማ ሂዱ፣ እዚያ እደሩና በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ መተሐራ ተመለሱ፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የፓርኩ ዋና በርም በመተሐራና በአዋሽ መካከል ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ከድሬዳዋ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? እስከ አዋሽ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ጨምሩበት። የደረሳችሁበት ሰዓት ከማታው 12 ሰዓት ካለፈ የመጨረሻውን ክፍል፣ ማለትም ከሜኤሶ ወዲያ ያለውን፣ በጨለማ ታልፉታላችሁ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ 6 ቀንሱለት፤ 08:00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ይህን ሳያዩ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብሎ መቅረት ያጋጥማል።

ሦስተኛ፣ የመቀመጫ ወይስ የመኝታ ፉርጎ? ለማየት ከሆነ መቀመጫ። መኝታው ለእንቅልፍ ይመቻል እንጂ መስኮቱ ለታችኛው አልጋ ነው፤ መካከለኛውና ላይኛው አልጋ ላይ የተኛ የሚያየው ጣሪያ ነው። ክፍሎቹ በአንድ ጎን፣ መተላለፊያው በሌላው ጎን ስለሆነ የክፍላችሁ መስኮት ወደ ሜዳው ከዞረ ተራራውን ለማየት መተላለፊያው ላይ መቆም አለባችሁ። ረጅም ጉዞ ላይ ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ መኝታውን ያዙና ተራ በተራ ውጡ።

አራተኛ፣ ‹‹በመስኮት በኩል፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በግራ›› ብላችሁ ጠይቁ። ሁልጊዜ ላይሳካ ይችላል፤ መጠየቁ ግን አያስከፍልም።

ጣቢያውና መሳፈር

ባቡሩ የሚነሣው ከከዚራው አሮጌ ለገሃር አይደለም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው፤ ባጃጅ ስትይዙ ‹‹አዲሱ ባቡር ጣቢያ›› በሉ፣ ሻንጣ ካላችሁና ቤተሰብ ከሆናችሁ ከምሽቱ ተስማምታችሁ ኮንትራት ያዙ። ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ድሬ ላይ ‹‹አቦ ይደርሳል›› የሚባለው ለባቡር አይሠራም፤ ፍተሻ አለ፣ ወረፋ አለ፣ በሩም ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል። ከሐረር የምትመጡ በዕለቱ ጠዋት ከመጣደፍ በዋዜማው ድሬ ገብታችሁ ብታድሩ ይሻላል። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ደንገጎ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከቆመ ሰዓቱ አይታወቅም።

ፍተሻው ላይ ቢላዋና የሚቀጣጠል ነገር ያስወስዳል። ማንጎና ፓፓያ የምትይዙ ቤት ቆራርጣችሁ በዕቃ አድርጉ። የምግቡ ነገር ደግሞ ቀላል ነው፦ ደረቅ ያዙ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ ብርቱካን። ሳምቡሳ የምትወዱ መነሻው ላይ ብሉት፣ ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ በፌስታል ታፍኖ ከቀትር ሙቀት አያልፍም። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ያዙ፤ ግማሹ ለባቡሩ፣ ግማሹ ለአዋሽ። ሶፍትም አትርሱ።

ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ከመድረኩ ላይ አድርጉ፦ የፉርጎአችሁን መስኮቶች ከውጭ ተመልከቱ። የቆላው አቧራና የዝናብ ነጠብጣብ መስታወቱ ላይ ደርቆ እንደ መጋረጃ ይሆናል፣ መስኮቱም ስለማይከፈት ከውስጥ የምታደርጉት የለም። ባዶ ወንበር ካለ ንጹሑን መርጣችሁ ተነጋግራችሁ ተቀያየሩ። ወንበሮቹ ፊት ለፊት የተገጣጠሙ ስለሆኑ ግማሹ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚሄደው። የሚያቅለሸልሸው ሰው ወደ ፊት ይቀመጥ። ለማይቸገር ግን የኋላ ዞሩ ይበልጣል፤ ወደ ፊት ሲያዩ ተራራው መጥቶ ያልፋል፣ ወደ ኋላ ሲያዩ ግን ቀስ እያለ እየራቀ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

በመንገድ ላይ ምን ይታያል

ከድሬዳዋ እንደወጣችሁ ወዲያው ካሜራ ለማውጣት አትቸኩሉ። ሁርሶ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ያለበት ነው፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ጣቢያ፣ ዘበኛ ያለበት ድልድይና የታጠቀ ሰውም እንዲሁ አይነሡም።

ከሁርሶ በኋላ ኤረርና ጎታ ይመጣሉ። ኤረር በፍል ውሃው ይታወቃል። እዚህ አካባቢ በግራ ያለው ሰንሰለት በደንብ ይቀርባል። ዐይን የሚይዘው ጫፉ ብቻ አይደለም፤ ከተራራው እግር ወደ ሐዲዱ የሚወርዱትን ደረቅ ወንዞች ተመልከቱ። ተራራው ሥር ሲነሡ ጠባብና ድንጋያማ ናቸው፣ ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ሰፍተው ነጭ አሸዋ ይሆናሉ። ውሃው ከተዳፋቱ ሲወጣ ፍጥነቱን ያጣል፤ ትልልቁን ድንጋይ ቀድሞ ይጥላል፣ አሸዋውን እስከ ሜዳው ያመጣል። ባቡሩ በድልድይ ሲያልፋቸው ወደ ግራ ቀጥታ ወደ ሸለቆው ውስጥ ታያላችሁ፤ ከሌላ ቦታ በግራሩ የሚሸፈነው ተራራ በዚያች ቅጽበት እስከ ሥሩ ይከፈታል። ለሰኮንዶች ብቻ ስለሆነ ቁጥቋጦው መሳሳት ሲጀምር ተዘጋጁ።

በስተቀኝ ያለውንም ፈጽሞ አትናቁት። ከሰው ቁመት በላይ የቆሙ ኩይሳዎች፣ የግመል መንጋ፣ የዳስ ቤቶች አሉ። ባቡሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ሲነፋና ፍጥነት ሲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ ሐዲዱ ላይ ከብት ወይም ግመል አለ ማለት ነው፤ ለመዘግየትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አፍደምን አልፎ እስከ ሜኤሶ ያለው ክፍል ረጅምና ሜዳ ነው። መተኛት ያማረው እዚህ ይተኛ። ሜኤሶ ላይ ግን ይነሣ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ አሰቦት ይመጣል። ተራራው ከሰንሰለቱ ተገንጥሎ ለብቻው የቆመ ነው፤ አናቱ ላይ የአሰቦት ሥላሴ ገዳም አለ፣ በዙሪያው ካለው ደረቅ ቆላ ጋር ሲተያይ የደኑ ጥቁረት ከሩቅ ይለያል። ሐዲዱ ሲታጠፍ ተራራው በመስኮቱ ላይ ቦታውን ስለሚቀያይር ተነሥታችሁ በሁለቱም ጎን ተከታተሉት።

አዋሽ ልትደርሱ ስትሉ ባቡሩ ወንዙን ይሻገራል። አዋሽ እዚህ አካባቢ መሬቱን በጥልቀት ሰንጥቆ ነው የሚሄደው፣ ገደሉ በቦታው 150 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሜዳ ላይ እየሄዱ ድንገት መሬቱ ሲሰነጠቅ ማየት ነው፤ ሻንጣ ለማውረድ ስትጣደፉ እንዳያመልጣችሁ ዕቃችሁን ከአሥር ደቂቃ በፊት አዘጋጁ።

በመስታወት ውስጥ ፎቶ

ፎቶ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ ነጸብራቅና ፍጥነት። ለነጸብራቁ የስልኩን ወይም የካሜራውን መነጽር መስታወቱ ጋ አስጠግታችሁ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፣ ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ ፍላሹን አጥፉ። መስታወቱን ግን አትደገፉት፤ የባቡሩ መርገብገብ በቀጥታ ወደ እጃችሁ ይገባል።

ለፍጥነቱ ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰኮንድ 33 ሜትር ያልፋል። ሻተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/100 ሰኮንድ ከሆነ በዚያች ጊዜ ውስጥ 33 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሳችኋል፣ ቅርብ ያለው ግራር ሁሉ ይጨማለቃል። 1/1000 ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሩቁ ተራራ በሁለቱም ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ የሚበላሸው ፊት ለፊቱ ያለው ነው። ስለዚህ ስልክ ለያዘ ሰው ቀላሉ መንገድ የቅርቡን መሬት ከፎቶው ማስወጣት ነው፦ ወደ ላይ አቅኑና ከዛፉ ጫፍ በላይ ያለውን ብቻ አንሡ። ተራራው ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ብርሃኑን ቆልፉት፤ ያለዚያ ስልኩ ከመስኮቱ ፍሬም ጥቁረት ጋር እየታገለ ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል።

አዋሽ ላይ መውረድ

ፏፏቴው ለማግሥቱ ጠዋት ይቆይ። በደረሳችሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለመድረስ የሚሮጥ ሰው በሩ ሊዘጋ ሲል ይደርሳል፣ ሙቀቱም ያደክመዋል። በባጃጅ ወደ አዋሽ ሰባት ገብታችሁ አልጋ ያዙ። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፤ ቦታው የወባ አገር ነው። ምሽቱን የድሮው ለገሃርና ከፈረንሳዮቹ ዘመን የቀረው ቡፌ ያለበትን ሰፈር ዞር ዞር ብላችሁ እዩት፣ ከገደሉ አፋፍም የፀሐይ መጥለቂያውን ማየት ይቻላል።

ያንኑ ማታ ለጠዋቱ መኪና ተዋዋሉ። ፓርኩ ውስጥ በእግር መግባት አይቻልም፣ አንበሳም ጅብም ያለበት ነው፤ ባጃጅም ለውስጡ መንገድ አይሆንም። ውሉ ላይ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሦስት ነገር ቁረጡ፦ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚጠብቅ (አራት ሰዓት በቂ ነው)፣ የመኪናው መግቢያ በማን እንደሚከፈል፣ ውስጥ ድረስ መግባቱን። ‹‹እስከ ፓርኩ›› ብሎ ተስማምቶ በሩ ላይ ‹‹እስከዚህ ነው›› የሚል ሾፌር አይጠፋም፣ ከበሩ እስከ ፏፏቴው ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በክረምት ከፍ ያለ መኪና ካልሆነ አትስማሙ።

ዋናው በር ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ሁኑ። መግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ እስካውትም (የፓርኩን ጠባቂ) ውሰዱ፤ ለጥበቃ ብቻ አይደለም፣ የሣሩን ቀለም የያዘ እንስሳ የሚታየው ለለመደ ዐይን ነው። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ በመንገዳችሁ ነው። ስሙን የሰጠው ሳላ፣ ቀንዱ እንደ ጦር የቀና፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የሆነው፣ ጠዋት በሜዳው ላይ ሲግጥ ይታያል። መኪናው ውስጥ ሆናችሁ ሞተሩን አስጠፉ፤ ሳላ የቆመን መኪና ይታገሳል፣ የሚወርድን ሰው ግን አይታገስም።

ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ከላይ፣ ከአፋፉ እዩት። ውሃው በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በሰፊው ተበታትኖ ነው የሚወርደው፤ ቁመቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው የሚያምረው። ቀስተ ደመና የምትፈልጉ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ቀስተ ደመና የሚታየው ከጥላችሁ አቅጣጫ 42 ዲግሪ ዞር ብሎ ስለሆነ ከፏፏቴው ጋር እኩል ቆማችሁ ለማየት ፀሐይ ዝቅ ማለት አለባት፦ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ። ከአፋፍ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ዘግየት ብሎም ይገኛል፣ ምክንያቱም ጭጋጉ ከእግሩ በታች ነው።

የውሃውን ነጠብጣብ ቁልጭ አድርጎ ለመያዝ 1/500 ሰኮንድ ይበቃል። እንደ ሐር የተዘረጋ እንዲመስል ከተፈለገ ከ1/4 እስከ 1 ሰኮንድ ነው፣ ያ ደግሞ ካሜራው ድንጋይ ወይም ትራይፖድ ላይ መቀመጥ አለበት። በጠዋት መምጣት እዚህም ይጠቅማል፤ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ስለሚበዛ ረጅም ሻተር ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ወደ ሥር የሚያወርደው መንገድ አጭር ነው፣ ግን ድንጋዩ በጭጋጉ ረጥቦ ይንሸራተታል። ሲሊፐር አይሆንም። ውሃው ውስጥ እግር መንከርም አይሆንም፤ ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፣ ውሃውም ደለል የያዘ ስለሆነ ከአንድ ክንድ በታች ያለው አይታይም። ክረምት ላይ የውሃው ድምፅ ወይም ቀለሙ ድንገት ከተቀየረ ወዲያው ወደ ላይ ውጡ። ምግባችሁንም ክፍት አድርጋችሁ አትቀመጡ፤ ጦጣዎቹ የፌስታልን ድምፅ ያውቁታል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ እንስሳቱም ጥላ ይገባሉ። መውጫ ሰዓት እሱ ነው። ሰዓት የተረፈው በፓርኩ ሰሜን ያለውን ፍል ውሃ ሊያስብ ይችላል፣ ዘንባባው ያምራል፤ ግን ከመንገዱ ማዶ ስለሆነና መንገዱም ሸካራ ስለሆነ ሌላ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማጣበቅ ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፋን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ስለተንቀጠቀጠ ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የፓርኩን ሠራተኞች ጠይቁ።

ወደ አዲስ አበባ ለሚቀጥሉ

ከአዋሽ በኋላ መቀመጫ ቀይሩ፤ የሚታየው ወደ ቀኝ ይዞራል። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ በስተሰሜን ነው፣ ከሥሩ የተዘረጋው ጥቁር ድንጋይ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ አለ፤ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል፣ መንገዱም ደጋግሞ ከፍ ማለት ግድ ሆኖበታል። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ወደ አዳማ ይወጣል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ልብ የሚሰቅል ነገር ግን እምብዛም የለም።

መመለሻው

ወደ ድሬ በሌላ ባቡር መመለስ ይቻላል፣ ግን ቀኑ እስኪደርስ አዋሽ ላይ መቀመጥ ይኖርባችኋል፣ የምታዩትም ያንኑ ነው። የተሻለው በመኪና በደጋው በኩል መመለስ ነው፦ ሜኤሶ፣ ጭሮ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ፣ ድሬ። በባቡር ከሥር ያያችሁትን ሰንሰለት አሁን ከጀርባው ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ስትሳፈሩ ‹‹በቁልቢ ነው የሚያልፈው?›› ብላችሁ አረጋግጡ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ከአዋሽ ተነሡ፤ መታጠፊያው ብዙ፣ ከባድ መኪናው ብዙ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ጉም ሊወርድ ይችላል፣ በጨለማም መጓዝ አይመከርም። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ኪኒኑን ከጭሮ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ ሳላችሁ ዋጡት፤ አቀበቱ ላይ ከተጀመረ አይሠራም።

መቀመጫው እንደ ባቡሩ በግራ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ግራችሁ ሰሜን ስለሆነ ሐዲዱ ያለበት ቆላ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ረድፍ ያዙ።